የጨረቃ ጠባሳ፣ የእህቴ ፊት

እሑድ

ዛሬም አልነገርኳትም።

ስልኩን ይዤ ነበር። እህቴ የሺ ዳባት ሆና ሽንኩርቷን እየለየች ታወራኛለች፤ የልጣጩ ኮሽታ ይሰማኛል። የቄሱን መልእክት አደረስኩላት። የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን እየሰፋ ነው፣ አዲሱ ግንብ በመቃብሩ ላይ ያልፋል፣ የእናታችን ዐፅም ቅዳሜ ይነሣል፣ ሁለታችንም እንድንገኝ ብለዋል። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «አንቺ ሂጂ። እኔ ቅዳሜ ገበያ አለብኝ» አለች። ቀጥላም «እሷም ለእኔ ብላ ገበያዋን አልተወችም» አለችና ሌላ ወሬ ጀመረች።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም እዚያው ቃል ላይ ናት። ያንን ቃል ያስያዝኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ስለ ጨረቃ ልጽፍበት ነበር። እንግዲህ ስለ ጨረቃ።

ፀሐይ እንደ ገባች ከጓሮ አየኋት። አምስት ቀኗ ነው። የባለቤቴን የሩቅ ማያ መነጽር አወጣሁ። ነፍሱን ይማረውና ሳንቃ በር ላይ የስሜን ፓርክ ጥበቃ ሳለ ዋልያ የሚቆጥርበት ነበር። ከሞተ ወዲህ ስድስት ዓመት ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ኖሮ አንደኛው መስታወት ሻግቷል። በአንድ ዓይኔ ነው የማየው። ይበቃል። የዛሬው ድል፦ አንድ ትልቅ ክብ ጉድጓድ፣ ከውስጥ ጨለማ የሞላው፣ ጠርዙ የሚያበራ። እጄ ተንቀጠቀጠና ጠፋብኝ። ውርጩ ነው ብዬ ገባሁ።

ሰኞ

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ መጽሐፉን እንደገና አስመዘገብኩ። ልጅቷ «እማማ፣ ይህን መጽሐፍ ከእርስዎ በቀር የሚነካው የለም፤ አንዴ ቢወስዱት ይሻላል» ብላ ሳቀች። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ማን እንደ ጻፈው አላውቅም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጥቂት ወር ብቻ። የቀረውን ከዳዊቱም፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣም፣ ካገኘሁት ሁሉ ነው የለቀምኩት። ቀስ ብዬ አነባለሁ። አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ።

እስከ ዛሬ ጉድጓዶቹ እሳት የተፉ የተራራ አፎች ይመስሉኝ ነበር። አብዛኞቹ አይደሉም። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ የመታቸው ናቸው። የገረመኝን ልጻፍ፦

— ድንጋዩ በጎን ቢመጣም ጉድጓዱ ብዙውን ጊዜ ክብ ነው።
— ድንጋዩ ራሱ አይገኝም። ሲመታ ይደቃል፣ ይተናል። የሚቀረው የመታበት ቦታ ነው።
— ትልልቆቹ መሐላቸው ላይ ጉብታ አላቸው። መሬቱ ተመትቶ ከሰመጠ በኋላ መልሶ ወደ ላይ ይነሣና እንደዚያው ሆኖ ይደርቃል።
— ተፈናጥሮ የሄደው ደግሞ ርቆ ይወድቅና የራሱን ትንንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። መጀመሪያ ምንም ያልደረሰበትን ሜዳ።
— ነፋስ የለም፣ ዝናም የለም። ስለዚህ እንደኛ አገር ቦይ ታጥቦ፣ አፈር ሞልቶት አይድንም። እንዳለ ይኖራል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት።

የሆነውን ልጻፈው። ጽፌው አላውቅም።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የሺ አራት። በፊተኛው ዓመት የመንደራችን ከታቢ የአጎታችንን ልጅ ክንድ በምላጭ ጭሮ ከታመመ ሰው ቁስል የወሰደውን መግል ቀባበት። ከፈንጣጣ እንዲያድነው ነበር፤ የቆየ ልማድ ነው። ልጁ በዚያው ሞተ። ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ የመንግሥት ከታቢዎች መጡ ሲባል እኔ የገባኝ ያ ምላጭ መጣ ማለት ነው። እናታችን ገበያ፣ አባታችን እርሻ ነበሩ። የሺን አንሥቼ እህል የምናስቀምጥበት ጎታ ውስጥ ከተትኳት፤ ከታች ትንሽ ገብስ ነበረው። «እስክጠራሽ እንዳትተነፍሺ» አልኳትና ክዳኑን ገጠምኩ። ሰውየው እኔን ወጋኝ። እንደ ፈራሁት አልነበረም። ከዚያ «ሌላ ልጅ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ክንዴን አይታ ጠየቀችኝ። «የሺ ተኝታ ነበር፣ ሰዎቹ ሳይጠብቁ ሄዱ» አልኳት። ዱላ ፈርቼ ነው። በዚያው ክረምት ፈንጣጣ መንደራችን ገባ። እኔን አልነካኝም። የሺ ነፍሷ ተረፈ፣ ፊቷ አልተረፈም።

አባቴ እስኪሞት ድረስ እናቴን «ገበያሽ ልጄን በላት» ይላት ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ ገበያ ወጥታ አታውቅም። ጨው ሲያልቅ እንኳ ሰው ትልክ ነበር። የሺ ይህን እየሰማች አደገች። እኔም እየሰማሁ አደግሁ።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። ስገጂ ያሉኝን ሰግጃለሁ፣ ጹሚ ያሉኝን ጾሜአለሁ። የዋሸሁት ግን እሳቸውን አልነበረም።

ማክሰኞ

ጨረቃ ግማሽ ሆነች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምራ በሰማያዊው ላይ ትታያለች፣ ሳስታ፣ ታጥቦ እንደ ነጣ ጨርቅ። ክንዴን የውኃው በርሜል ላይ አስደገፍኩ። ዘዴው ይኸው ነው፤ አልተንቀጠቀጠብኝም።

ፀሐይ ስትገባ ጠራች። ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ የወደቀ አለ፤ ትንሹ የትልቁን ጠርዝ በልቶታል። ሦስት በአንድ ረድፍ ቆጠርኩ። ለምን እዚያ መስመር ላይ ብቻ እንደሚጎሉ ገባኝ። እዚያ ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ ጥላው ረጅም ነው። ሊማሊሞ ላይ ጠዋት ቆሞ ያየ ያውቀዋል፤ ማለዳ እያንዳንዱ ገደል ለየብቻው ይቆጠራል፣ ቀትር ላይ ሁሉም አንድ ሜዳ ይመስላል።

ቄስ ሞላ ደወሉ። «እህትሽስ ልጄ?» አሉ። ገበያ አለባት አልኳቸው። በእኛ መንደር ዐፅም ሲነሣ የሚጠቀለልበትን ነጠላ የሚይዙት የሟች ልጆች ናቸው። ሁለቱን ጫፍ አንዱ፣ ሁለቱን ጫፍ ሌላው። ልጅ በሕይወት እያለ በቂም ከቀረና ጫፉን ባዕድ ከያዘው ነውር ነው፤ ለቀሪውም ለሟቹም። እናታችን ከእኛ ከሁለታችን በቀር የላትም። ቄሱ እንዲህ አሉ፦ «እናትሽ ሃያ ዓመት ገበያ ሳትወጣ ኖራ የሞተች ሴት ናት። አንድ ገበያ ቢታጠፍላት አይበዛባትም።»

እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ፦

በስልክ — ፊቷን ሳላይ ማምለጥ ይሆናል።
በደብዳቤ — የሺ አታነብም። ጎረቤት ሊያነብላት ነው።
በቄሱ በኩል — ፈሪነት።
ሳልነግራት ለምኜ ማምጣት — ሳልነግራት ማባበሉን ሃምሳ ዓመት ሞክሬዋለሁ።
ዳባት ሄጄ፣ ቤቷ ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ።

ነገ እሄዳለሁ።

ረቡዕ

አልሄድኩም። ጫማዬን አጥቤ፣ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ መናኸሪያ በር ላይ ደረስኩ። ተመልሼ ዱቄት ላይ ጠጠር ስጥል ዋልኩ።

ትሪ ላይ የገብስ ዱቄት ወፈር አድርጌ አነጠፍኩ፤ ከላይ በርበሬ በስሱ ነሰነስኩ። ጠጠሩን ከከፍታ ስለቀው ጉድጓድ ይሆናል፣ ዙሪያው ከንፈር ያወጣል፣ ከሥር የነበረው ነጭ ዱቄት በቀዩ ላይ እንደ ጨረር ይበተናል። መጽሐፉ ያለው ልክ ነው። የአዲስ ጉድጓድ ምልክት ይህ ጨረር ነው፤ የቆዩት ደብዝዞባቸዋል። ስድስት ጉድጓድ ሠራሁ። በጎን በኩል እንኳ ወረወርኩ፤ እሱ ግን ክብ አልወጣልኝም። እጄ የሰማይን ያህል ጉልበት የለውማ።

ሰባተኛውን ልጥል ስል በሩ ላይ ሰው ቆሟል። የሺ ናት። ነጭ ሽንኩርት ልትወስድ ወደ እኛ ደባርቅ መጥታ፣ አንድ ጆንያ በጀርባዋ አዝላ፣ ትሪውንና እኔን ታያለች።

«እታለም፣ ደህና ነሽ ወይስ ጎረቤት ልጥራ?»

የጨረቃን ጉድጓድ እየሠራሁ ነው አልኳት።

«እኔ ሽንኩርት ለቃቅሜ ልሞት፣ አንቺ ጨረቃ ታቦኪያለሽ።»

ጆንያውን ጥላ አጠገቤ ተቀመጠች። አሳዪኝ አለች፤ አሳየኋት። በርጩማው ላይ ወጥታ ትልቁን ጠጠር ከራሷ በላይ ለቀቀችው። በርበሬው ዓይናችን ገባ። እያለቀስን ሳቅን። ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ ፊቷን አየሁት፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ የአፍንጫዋን ጎን። እኔ ፊት ስትሆን አትሸፈንም። ዳባት ገበያ ላይ ግን በጠራራ ፀሐይም ነጠላዋ ከአፍንጫዋ አይወርድም። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሊያጯት የመጡት ሰዎች ፊቷን አይተው ቡናውን ሳይጠጡ ነው የሄዱት። ሌላ አልመጣም።

ሽሮ አቀረብኩ፤ ተጨዋወትን። ስለ ቅዳሜ አላነሣችም፤ እኔም። ፀሐይ ስትገባ ራሷ «በይ ያቺን ጨረቃሽን አሳዪኝ» አለች። ክንዷን በርሜሉ ላይ አስደገፍኩላት፤ በደህናው መስታወት እንድታይ ነገርኳት። ብዙ ፈለገች። ከዚያ አገኘቻት።

«ኧረ ይቺስ ፈንጣጣ ወጥቶባታል» አለች።

የሺ ሰው ሳይቀድማት ራሷ ትቀልዳለች፤ ልማዷ ነው። መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሣ ሳቀችና ጨመረች፦

«እሷም እናቷ ገበያ ሄዳባት ነው?»

«እናታችን አይደለችም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ከታቢዎቹ ቤት ገብተው ነበር። ሌላ ልጅ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ጎታ ውስጥ ደብቄሽ ነበር። እናታችን አታውቅም። እኔ ነኝ የሺ።»

መነጽሩን አላወረደችውም። የምታየው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ጨረቃዋ ከአቅጣጫው ወጥታ ነበር። የአጥሩ ጥግ ላይ ውሻ አለፈ፤ የጎረቤት ሬዲዮ ተዘጋ። በመጨረሻ እንደዚያው ወደ ሰማይ እያየች ተናገረች፦

«ጎታው ትዝ ይለኛል። ገብስ ገብስ ይሸት ነበር። ድብብቆሽ የምንጫወት መስሎኝ ነበር እኮ። ስታወጪኝ አቅፈሽ ሳምሽኝ።»

አዎ አልኳት።

«ከልጅነቴ ደስ ብሎኝ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነበር» አለች። «እሱንም ወሰድሽው።»

መነጽሩን በርሜሉ ላይ አስቀምጣ ገባች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ሄደች። ያፈላሁትን ሻይ አልነካችውም። ጆንያውን ላግዛት ስል እጄን በቀስታ ከላዩ አነሣችው፤ አልገፈተረችኝም። ብትገፈትረኝ ይሻለኝ ነበር።

በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ስትሞትም አልነገርሻትም?»

ሦስት ቀን ራስጌዋ ተቀምጬ ነበር። ውኃ በጥጥ አጠጣኋት። የመጨረሻው ቀን ላይ «የሺን አደራ፣ እኔ አልሆንኳትም» አለችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር፤ ትሰማ ነበር። እሺ ብቻ አልኩ። ይህን ሁሉ ለየሺ አልተረክሁላትም። «አልነገርኳትም» ብቻ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች፤ ሄደች።

መናገር ያቀላል ይላሉ። እኔን አላቀለለኝም። ድሮ የምፈራው ነገር ነበር፤ አሁን የምፈራው ደርሶ ተቀምጧል። ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ፦ ለዘመናት ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር፤ ገበያ ውዬ ሽንኩርቷን እሸጥላታለሁ፣ ስትታመም አድርላታለሁ። ያ ሁሉ ዝም ለማለት የምከፍለው ነበር። እሷ ግን እህቴ ትወደኛለች ብላ ነበር የምትቀበለኝ።

እወዳታለሁ እኮ። ሁለቱም እውነት ነው። የደበቅኋትም ስለምወዳት ነበር።

ዛሬ ጨረቃን አላየሁም።

ዓርብ

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሣም። አራተኛውን ተውኩት።

ለነገ፦ ጧፍ። የቄሶቹ ዳቦ፤ ጎረቤቴ ደፍታልኛለች። አዲስ ነጠላ፣ ያልታጠበ። ለቆፋሪዎቹ ጠላ እዚያው ይገኛል ተብሏል። ሊነጋ ሲል የሚነሣው መኪና፤ ከዳባት አልፎ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ መውረድ፣ ከዚያ በእግር።

ሌላኛውን ጫፍ ማን እንደሚይዝልኝ ቄስ ሞላን ጠየቅኋቸው። ለምን እንደማትመጣም ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ በስልክ፣ ቆሜ። «ሰምቻለሁ» አሉ። «እስከ ሦስት ሰዓት እንጠብቃታለን። ከዚያ ወዲያ ፀሐዩ ለሰዎቹ ይበረታል።» ስለ እኔ ምንም አላሉም። ከመዝጋታቸው በፊት ብቻ «ያንን የገበያ ቃል እኔም ለእናትሽ ተናግሬአታለሁ፤ ወጣት ሳለሁ» አሉ።

ከመጨለሙ በፊት በርሜሉ ዘንድ ሄድኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጨረቃዋ አብጣለች፤ ሙሉ ለመሆን የቀራት ጥቂት ነው። ማክሰኞ በረድፍ የቆጠርኳቸውን ሦስቱን ፈለግሁ፤ አጣኋቸው። ብርሃኑ ከላይ ወርዶባቸው ጥላቸው ተውጧል። ለማያውቃት ለስላሳ ናት። እዚያው እንዳሉ ግን አውቃለሁ። በስተደቡብ አንድ የሚያበራ ነጥብ አለ፤ ዙሪያውን ነጫጭ ጨረሮች ሩቅ ድረስ ሄደዋል። እንደዚያ የተበተነው ከአንድ ምት ነው። ዓይኔ አለቀሰ፤ መስታወቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ

ቤቴ ደርሻለሁ፤ እግሬ አብጧል። ሳልረሳው ልጻፍ።

ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰዎቹ ድንጋዩን አንሥተዋል፣ አፈሩን ጀምረዋል። ከድሮ ሰው የቀሩት አራት አምስት አሮጊቶች ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። ቄስ ሞላ መንገዱን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ትንሽ እንጠብቅ አሉ። ሦስት ተኩል ሆነ። አንዲት የሩቅ ዘመድ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች፤ እኔ እይዛለሁ አለች። እሺ ልላት አፌን ስከፍት፣ ከታች ከባሕር ዛፉ መካከል የሺ ስትመጣ አየኋት። እየሮጠች አልነበረም። ነጭ ለብሳለች፣ በብብቷ የታጠፈ አቡጀዲ ይዛለች። ፊቷ አልተሸፈነም።

መስቀል ተሳለመች፤ አሮጊቶቹን አንድ በአንድ ሳመች። እኔን አልፋኝ ሄዳ ከመቃብሩ ማዶ ቆመች።

ፍትሐቱ ሳይጀመር መናገር እንዳለብኝ አወቅሁ። እዚህ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ያንን የገበያውን ነገር ሰምተዋል፣ ለልጅ ልጅ አውርተዋል። «አንድ ጊዜ ስሙኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «የሺ ያልተከተበችው እናቴ ገበያ ስለ ሄደች አይደለም። እኔ ደብቄአት፣ እኔ ዋሽቼ ነው። እናቴ ጥፋት የለባትም።»

ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ የድሮ ጎረቤታችን፣ «እኔም ብያታለሁ። ውኃ ስንቀዳ፣ ገበያ እያልኩ አሽሟጥጫታለሁ» አለችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። የሺ ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ነካች። «የሰው ጥፋት ተሸክመሽ ኖርሽ። እኔም ጨመርኩብሽ። ይቅር በይኝ» አለች። ጮክ አላለችም።

ዐፅሙ ወጣ። ትንሽ ነው። የእኔ ነጠላ ከሥር፣ የሺ ያመጣችው አቡጀዲ ከላይ ሆነ። ሁለቱን ጫፍ እኔ፣ ሁለቱን እሷ ይዘን ተነሣን። የሺ ረጅም ናት፣ እኔ አጭር። መሬቱ ወጣ ገባ ነው። ነጠላው ወደ እኔ ሲያዘነብል እሷ አየችው፤ እጇን ዝቅ አደረገች። አዲሱ ቦታ እስክንደርስ ድረስ እንደዚያ ጎንበስ ብላ ሄደች።

ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ዳቦውን ሲይዝ፣ አጠገቤ መጣች።

«ለእሷ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «አንቺን ይቅር ለማለት ገና ነኝ።»

እሺ አልኳት።

የተመለስነው በአንድ ሚኒባስ ነው። እሷ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ፤ በመካከላችን ስምንት ሰው። ጀርባዋን እያየሁ ዳባት ደረስን። ወረደች። መንገዱን ልታቋርጥ ብላ ተመልሳ መጣችና በመስኮቱ በኩል፣ ፊቴን ሳይሆን ጎማውን እያየች፣ «ስትደርሺ ደውዪ» አለች።

ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

ከበስተጀርባዋ ገበያው እየተበተነ ነበር፤ ሰው ይጣራል፣ አህያ ያናፋል።

«በይ ብይ፤ እህል ሳትቀምሺ እንዳትተኚ» አለች፤ ዘጋችው።